ግልባጭ ለሁሉም

«ወረቀት እንቆጥብ!» የሚል ማስታወቂያ በየኮሪደሩ፣ በደረጃው፣ በሊፍቱ ውስጥ፣ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ባለ ቀለም ነው። በሙጫ ስለተለጠፈ ጀርባው ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም። የፊደሉን ነገር ተዉት፤ እኔ ያለ መነጽሬ የአውቶቡስ ቁጥር የማልለየው ሰውዬ ከደረጃው ግርጌ ቆሜ አነበብኩት።

ይህ አልበቃ ብሎ በማግስቱ ደብዳቤ ተበተነ። «ጉዳዩ፦ የወረቀት ብክነትን መቀነስ ይመለከታል። አባሪ፦ 6 ገጽ።» ከሥሩ ግልባጭ፦ ለዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት፣ ለፋይናንስ፣ ለግዥ፣ ለሰው ሀብት፣ ለኦዲት፣ ለሥነ ምግባር፣ ለጠቅላላ አገልግሎት እያለ ወርዶ ወርዶ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተሻገረ። በሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ለመዝገብ ቤት» ይላል። መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ። ለእኔ ሲባል አንድ ሙሉ ቅጠል ወጣ። እንዲህ ያለ ክብር በሠርጌም ቀን አላየሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በዶሴ መሐል ነው። ጡረታ ወጥቼ ልጅ ልጆቼን እየተቆጣሁ በሰላም ልኖር ስል «ጋሼ፣ ፋይሉን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም» ብለው በኮንትራት መለሱኝ። እውነታቸውን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። የእናንተም ያው ስለሆነ ብጠራው ምን ይፈይዳል?

እስቲ አንድ ፋይል ልክፈትላችሁ። የአንዲት ወንበር ጎማ ፋይል ነው። እግር ሥር ከሚሽከረከሩት አምስት ጎማዎች አንዷ ተሰበረች። የወንበሩ ባለቤት ለክፍል ኃላፊው ማስታወሻ ጻፈ። ኃላፊው «ለጠቅላላ አገልግሎት፣ አስፈላጊው ይፈጸም» ብሎ መራበት። ጠቅላላ አገልግሎት ሞዴል 20 አስሞላ። መጋዘን «በእጃችን የለም» ብሎ በጽሑፍ መለሰ። የግዥ መጠየቂያ ተጻፈ፤ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፤ ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ቃለ ጉባኤው «ጎማ» የሚለውን «ጎማዎች» ስላለ እንደገና ተጻፈ፤ የቀድሞውም «ለማንኛውም» ተብሎ ከኋላው ተያያዘ። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22፣ ሁሉም በየቅጂው። ቆጠርኩት፤ 47 ቅጠል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፤ እኛ በሒሳብ ያደግን ነን። ባለ 80 ግራም ወረቀት ማለት አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝን ማለት ነው። ኤ ፎር የካሬ ሜትሩ አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ ቅጠሉ 5 ግራም ይመጣል። ስለዚህ 500 ቅጠል ያለው ደስጣ 2 ኪሎ ተኩል፣ አምስት ደስጣ የያዘው ካርቶን 12 ኪሎ ተኩል ነው፤ ከመጋዘን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ወገቡን ይዞ ይመሰክርላችኋል። የጎማዋ ፋይል እንግዲህ 235 ግራም ነው። ጎማዋ ራሷ ከዚህ ትቀላለች። ያም ሆኖ ጎማዋ ስትደርስ ወንበሩ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ከተሸጠ ሰንብቷል። ጎማዋ አሁንም መጋዘን አለች። በየዓመቱ ሰኔ ትቆጠራለች። የምትቆጠረውም በወረቀት ነው።

ወጣቶቹ ይህን ስነግራቸው «ጋሼ፣ ድሮስ ቢሆን?» ይሉኛል። ድሮ! ድሮማ ሰው የተሻለ ነበር ብዬ ልዋሽ አሰብኩና ተውኩት፤ ሰው ያው ነው። የተሻለው መሣሪያው ነበር፤ የተሻለውም ክፉ ስለነበረ ነው። የጽሕፈት መኪና ላይ ነጩን ወረቀት፣ ካርቦኑን፣ ስሱን ወረቀት፣ እንደገና ካርቦኑን እየደራረቡ ያስገቡ ነበር። አራተኛው ቅጂ ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ አምስተኛውን የሚያነበው የጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ግልባጭ የሚደረግለት ሰው በእርግጥ ጉዳዩ የሚመለከተው ነበር። ዛሬ ግልባጭ ሰላምታ ሆኗል፤ ያልተደረገለት ይቀየማል።

ደግሞ ታይፒስቷ ነበረች። አለቃ «ይችን ቃል ለውጪልኝ» ቢላት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ታየዋለች። አንድ ቃል መለወጥ ማለት ገጹን በሙሉ ከነካርቦኑ እንደገና መምታት ነው። «ጌታዬ፣ ይህችኛዋ ቃል ምን አላት?» ስትለው አለቃው ራሱ ቃሏ ምንም እንደሌላት ይታየዋል። የስንት ደብዳቤ ርዝመት በዚያች ሴት ፊት አጠረ! አሁን ያን ፊት የሚያሳይ ፕሪንተር የለም። ልጁ ያትማል፣ አራት ነጥብ እንደጎደለው ያያል፣ ያርማል፣ እንደገና ያትማል፣ አሁን ደግሞ ማህተሙ የሚያርፍበት ቦታ ጠበበ ይላል፣ እንደገና። ያጠፋው ድካም ስለሌለ ያጠፋው ነገር ያለ አይመስለውም።

በሁለት ጎን አትሙ ስላቸው ደግሞ «ለደብዳቤ ክብር አይሰጥም» ይሉኛል። ክብር! የአገራችሁን ታሪክ ጠይቁ። ብራና የፍየል ቆዳ ነው፤ ይታጠባል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ በወስፌ ይሰመራል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚፈጅ የሚያውቅ ቁም ጸሐፊ ባዶ ገጽ ሲያይ ያመው ነበር። ነገሥታቱ ለአድባራት ርስትና ጉልት ሲሰጡ ሰነዱ የት ይጻፍ ነበር? በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነው! የንጉሥ ስጦታ፣ ከነምስክሩ፣ ከነእርግማኑ፣ በተረፈው ቦታ ላይ ተጽፎ ለዘመናት ኖረ፤ ዛሬም ተመራማሪው እየገለበጠ ያነበዋል። የንጉሥ ርስት በተረፈ ገጽ ላይ ከተጻፈ የእናንተ የስብሰባ ጥሪ ጀርባውን ቢጠቀም ምን ይቀርበታል? የእኛ ሥልጠና ክፍል አዳራሽ መቀየሩን ለማሳወቅ አዲስ ደስጣ ያስከፍታል።

ኤ ፎርን ለሁለት ብታጥፉት ቅርጹ ሳይለወጥ ያንሳል፤ ያወጡት ጀርመኖች አስበውበት ነው። ስለዚህ ሁለት ገጽ አንድ ገጽ ላይ ቢታተም ገጹ አይዛነፍም፣ ፊደሉ ብቻ ያንሳል። ለረቂቅ ይበቃል። ይህን ለአይቲው ልጅ ብነግረው «ጋሼ፣ ይህን ከየት አመጡት?» አለኝ። ከየት አመጣዋለሁ? ወረቀት አጥፌ።

«ወረቀት አልባ አሠራር» የሚሉት ነገር አለ። እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። ከቅርንጫፍ አንድ ደብዳቤ በኢሜይል ይመጣል። ጸሐፊዋ ታትመዋለች። ኃላፊው በእስክሪብቶ ይመራበታል። የተመራበት ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ለባለሙያው ይላካል። ባለሙያው ያትመዋል፤ «ስክሪን ላይ ማንበብ ዓይኔን ያመኛል» ይላል፤ ተከታታይ ፊልም ሲያይ የሚያድር ልጅ ነው። መልሱን ጽፎ ያትማል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ማህተም ያርፍበታል፤ ስካን ይደረጋል፤ በኢሜይል ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ይታተማል፣ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተም ይመታበታል። ከዚያ አንድ ሰው ስልክ ይደውልና «ፒዲኤፉ ደርሶናል፤ ዋናውን በሰው ላኩልን» ይላል።

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ስንት ጊዜው! በኤሌክትሮኒክ የተፈረመን ሰነድ ሕጉ ያውቀዋል። የማያውቀው የእኛ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ሰማያዊ ማህተም ካላየ አንዲት ኪቦርድ ከግቢ አያስወጣም። ጥቁር ቢሆንበት «ይሄ ኮፒ ነው» ብሎ ይመልሳችኋል። አልፈርድበትም፤ ጠፋ ቢባል የሚጠየቀው እሱ ነው። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ሲመጣ ደግሞ ተስፋ ጥዬበት ነበር፤ ቁጥሩ ይበቃል ተብሎ። አሁን ባለጉዳይ ሲቀርብ «የፋይዳ ኮፒ አምጣ» ነው። የፊቱን ለብቻ፣ የጀርባውን ለብቻ።

አንድ ቀን ታዲያ የጎረቤቴን ክፍል ልጅ፣ ጎበዝ ባለሙያ ናት፣ ፎቶ ኮፒው ጋ ቆማ አንዱን ደብዳቤ በአምስት ስታበዛ አገኘኋት።

«ልጄ፣ ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«አንዱ ለፋይሉ፣ አንዱ ለኃላፊዬ፣ አንዱ ለኦዲት…»

«ሁለቱስ?»

ዝቅ ብላ ሳቀች። «የእኔ ናቸው ጋሼ። አንዱ መሳቢያዬ ውስጥ፣ አንዱ ቤት።»

«ቤት?»

«ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ማን ያድነኛል? ፋይሉ ይጠፋል፤ ኃላፊው ይቀየራል፤ "አልነገርሽኝም" ይላል። ወረቀት ካለኝ አልተኛም ወይ?»

ምን ልበላት? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶች ወራሹ ማን እንደሆነ አልነገሩንም። የዚህ ቤት ወረቀት የሚወረሰው በፍርሃት ነው። ጸሐፊዋ ፈርታ ታትማለች፤ ኃላፊው ፈርቶ ይመራል፤ ኮሚቴው ፈርቶ በሰባት ሰው ይፈርማል። የዛፍ ፍቅር የለንም፣ የዛፍ ጥላቻም የለንም፤ «ማን አዘዘህ?» የምትለዋ ጥያቄ ናት ደስጣውን የምትበላው። ማስታወቂያው ግን ስለ ደን ነው የሚያወራው። አረንጓዴ ቅጠል ሥሎበታል፤ የቀለሙ ዋጋ ይታያችሁ።

ከማስታወቂያው በኋላ ቅርጫት መጣ። አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለሌላው። የወረቀቱ ቅርጫት ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የሙዝ ልጣጭ፣ የሻይ ኩባያ፣ የሳምቡሳ ዘይት የጠጣ ናፕኪን፣ አንድ ካልሲ። ካልሲውን አልተነተንኩትም። ዘይት የነካው ወረቀት ለፋብሪካ አይሆንም፤ የካርቦን ወረቀትም፣ ያ በሙቀት የሚታተመው የሱቅ ደረሰኝም እንዲሁ። ንጹሑ ወረቀት ግን በውኃ ተነክሮ ይቦካል፣ የስቴፕለር ሽቦው ተለቅሞ ይወጣል፣ ቀለሙ ይታጠባል፣ እንደገና ወረቀት ይሆናል። ጭረቱ በየዙሩ እያጠረ ስለሚሄድ ለዘላለም አይደለም፤ አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ጊዜ ነው። መጨረሻው ካርቶን፣ ሶፍት ወይም የእንቁላል ትሪ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ዕድገት እለዋለሁ፤ ደብዳቤ ሳለ አንድ ቁም ነገር ያልያዘ ወረቀት ትሪ ሲሆን ሠላሳ እንቁላል ይይዛል።

ከቅርጫቱ መምጣት በፊት ግን ይህን ሥራ የምትሠራ ሰው ነበረችን። የጽዳት ሠራተኛዋ። ማንም ሳያዛት፣ ያለ ማስታወቂያና ያለ ሥልጠና፣ ማታ ማታ ነጩን ከባለ ቀለሙ፣ ደረቁን ከእርጥቡ ትለያለች፤ ሽቦውን በጥፍሯ ትነቅላለች፤ ጀርባው ባዶ የሆነውን «ለልጆቼ መለማመጃ» ብላ ለብቻ ታስቀምጣለች፤ የቀረውን በማዳበሪያ ጠቅጥቃ በወር አንድ ጊዜ ለወረቀት ገዢ በኪሎ ትሸጣለች። ከሁሉም የተማረችው እሷ ነበረች።

ቅርጫቱ ሲመጣ ጉዳዩ ዓይን ውስጥ ገባ። «የመንግሥት ንብረት ያለ ሞዴል 22 ከግቢ ሊወጣ ሲል ተያዘ» ተብሎ ተጻፈባት። ቆሻሻ የነበረው ወረቀት በአንድ ሌሊት ንብረት ሆነ! ከዚያማ የሚሆነው ሆነ፤ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቢጋር ተዘጋጀ፤ የመነሻ ዋጋ ተጠና፤ የጨረታ ሰነድ ታተመ፤ ማስታወቂያ በጋዜጣ ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ወረቀቱ ከግቢው ጀርባ በሸራ ሥር ተከምሮ ነበር። ሸራው አንድ ጎኑ የተቀደደ ነው። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ። በነሐሴ ተጫራች መጥቶ ሸራውን ገለጥ አድርጎ አየና አፍንጫውን ይዞ ሄደ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ የዋጋ ጥናቱና የጨረታ ሰነዱ ግን ደረቅ ነው፤ እኔ ጋ ሦስት ቦክስ ፋይል ሞልቶ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። በአራት ቅጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልቆጣ ልናገር፤ ሁሉም ይጣል የምል ሰው አይደለሁም። መዝገብና ቆሻሻ ይለያያሉ። ሰው ወመዘክር የሚለው ቤት አለን፤ አዋጅ ቁጥር 179/1991ም አለ፤ የመንግሥት መዝገብ በዘፈቀደ አይወገድም። ደግ ነው። እኛ ጋ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ሰርኩላር በየክፍሉ ስለተበተነ በአሥር ፋይል ውስጥ በአሥር ቅጂ ይኖራል፤ አንዱን አቆይተን ዘጠኙን ለመፍጨት የሚፈርም አንድ ጀግና የለም። የድሮ የሠራተኛ ማኅደር ግን፣ የሰው የአገልግሎት ዘመን የተጻፈበት፣ አንድ ሽማግሌ ጡረታውን የሚበላበት ወረቀት፣ ቢሮ ሲዛወር በፒክአፕ ተጭኖ ሲንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚጣለውን በቁልፍ፣ የሚጠበቀውን በሸራ። ከዚያ ሰውየው መጥቶ «ማኅደሬ» ሲል «ማመልከቻ ይጻፉ» እንለዋለን።

በር ላይ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ልጅ አለች። ፓርላማው በ2017 ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም ትላለች። ቅጠሉን አንድ ጊዜ በአውራ ጣቷ ጠምዝዛ፣ ጫፉን አጥፋ፣ አንድ ስኒ ኦቾሎኒ ታስገባበታለች፤ ሙጫ የለ፣ ሽቦ የለ። ባለፈው ገዝቼ እየቆረጠምኩ ስሄድ ዓይኔ አንድ የማውቀው ፊርማ ላይ አረፈ። የእኛ ማኔጅመንት ቃለ ጉባኤ! ገጽ 3። «አጀንዳ ሁለት፦ በኮንትራት ስለሚሠሩ ሠራተኞች። ተሰብሳቢዎቹ በስፋት ከተወያዩ በኋላ…» ይልና ያልቃል። በስፋት ከተወያዩ በኋላስ? ተመልሼ «ልጄ፣ የዚህ ቀጣይ አለሽ?» አልኳት። «የቱ?» አለች። አራት ጥቅል ገዛሁ። አንዱ የፊዚክስ ፈተና ነው፣ ሁለቱ የአንድ ባንክ ቅጽ፣ አራተኛው የኛው ገጽ 1። ኦቾሎኒ ሆዴን ነፋኝ፤ ኮንትራቴ ይታደስ አይታደስ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መዝገብ ቤት ገብቼ ዋናውን ቃለ ጉባኤ ብፈልግ ቦታው ላይ «በውሰት ወጥቷል» የሚል ወረቀት ተቀምጦ አገኘሁ። የወሰደው አልተጻፈም።

ሰሞኑን ደግሞ «የወረቀት ቁጠባ ንዑስ ኮሚቴ» ተቋቁሟል። ልምድ አለው ብለው አባል እንድሆን ጠየቁኝ። እሺ አልኩ፤ አንድ ነገር ብቻ፣ የምደባ ደብዳቤዬ በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ይታተምልኝ አልኳቸው። ጸሐፊዋ ደነገጠች። ኃላፊው «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ማህተሙ በየትኛው ገጽ ላይ ሊያርፍ ነው?» አለ። ጥያቄው ለሕግ ክፍል ተመርቷል። ሕግ ክፍል አስተያየቱን ከመስጠቱ በፊት ያለፈ ተሞክሮ ካለ ከመዝገብ ቤት ተፈልጎ እንዲላክለት በደብዳቤ ጠይቆኛል፤ አባሪ 2 ገጽ፣ ግልባጭ ለንዑስ ኮሚቴው።